የድራመሩ ቦታ

ዛሬ ደሴ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ስላለን፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቤት ተቀምጠን የኒርቫናን ሥራዎች በቅደም ተከተል ስናዳምጥ ዋልን። በ1987 እ.ኤ.አ. ከርት ኮቤይንና ክሪስት ኖቮሴሊች የመሠረቱት ይህ የሮክ ባንድ፣ ዴቭ ግሮል በ1990 እስኪቀላቀለው ድረስ ድራመር (ከበሮ መቺ) ደጋግሞ ለውጧል። በ1991 የወጣው ሁለተኛ አልበማቸው በጥር 1992 የማይክል ጃክሰንን አልበም ከቢልቦርድ፣ ከአሜሪካው የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ አንደኛነት አወረደ።

ወንድሜ ምስጋናውን ሁሉ ለዘፋኙ ለኮቤይን ይሰጣል። እኔ ግን ያው አምባሰል ከአንዱ መሲንቆ ተጫዋች ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ቅኝቱ ሳይነካ ስሜቱ እንደሚለወጥ እየሰማሁ ስላደግሁ፣ የግሮል ኃይለኛ ምት ባንዱን እንደ አዲስ እንደፈጠረው አምናለሁ። ከእርሱ በፊት የነበረው ቻድ ቻኒንግ የሚሰማበት አንድ ዘፈንም በዚያው አልበም ውስጥ አለ፤ ያንን ዘፈን ሦስት ጊዜ መልሰን ሰማነው።