አራተኛው ፊደል

ትናንት ማታ የመንዝ አርቢዎች በሙሉ ጠፉብኝ።

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የአንድ የበግ አርቢዎች ማኅበር መዝገብ እሠራለሁ። ዳታቤዙ ላይ የአርቢው ስም አለ፤ ቀጥሎ የበጎቹ የጆሮ ቁጥር በኮማ ተደርድሯል፤ መጨረሻ ላይ አካባቢው። ይህን ወደ ጄሰን፣ ፕሮግራሞች ዳታ ወደሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ፣ ቀይሬ ለባለሙያዎቹ ስልክ እልካለሁ። ስልኩ ላይ «አንኮበር» ተብሎ ሲፈለግ መጣ። «መንዝ» ሲባል ባዶ። በማግስቱ ደግሞ ክትባት ነው። ዝርዝሩ ላይ የሌለ በግ ክትባቱ ያልፈዋል።

መጀመሪያ ጄሰኑን ቅንፍና ጥቅስ እየቀጠልኩ በራሴ ኮድ ነበር የምገጣጥመው። ስልኩ አልቀበልም አለ፤ ጥቅሱ ውስጥ ያልተፈቀደ ምልክት አለ ብሎ። ሥራውን ለላይብረሪ፣ ሌሎች አዘጋጅተው ላስቀመጡት ኮድ፣ ሰጠሁት። ኤረሩ ጠፋ፣ መንዝ ግን ያው ባዶ። ለካ ያ ኤረር ልክ ነበር።

እኩለ ሌሊት ላይ ብርዱ ጣቴን ሲያደነዝዘው የአባቴን በርኖስ ደረብኩና የቃሉን ርዝመት አስቆጠርኩ። መ፣ ን፣ ዝ። ሦስት መሆን አለበት። ኮምፒውተሩ አራት አለ። ደገምኩት። አራት። ጄሰኑን ከፍቼ ሳየው ከ«ዝ» ጎን ወደ ኋላ ያዘመመች ጭረትና አንዲት የላቲን አር ተቀምጠዋል።

ያን ጊዜ ገባኝ። የመንዙ ዝርዝር በፍላሽ የመጣ፣ ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ነው። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያኖራል፤ ቁጥራቸው 13 እና 10። ሊኑክስ 10ን ብቻ። የእኔ ኮድ 10 ላይ ቆርጦ 13ን መጨረሻው ቃል ላይ ለጥፎት ቀርቷል፤ «መንዝ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም።

አባቴ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበር። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሏ ትጮኻለች፣ እጀታውን ይገፋል፣ ሰረገላው ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ወረቀቱም አንድ መስመር ያልፋል። በቴሌታይፕ፣ በሽቦ በሚላክ ምልክት በሚጽፈው መኪና፣ ጊዜ እነዚህ ሁለት ትእዛዞች ነበሩ። መመለሱ 13፣ መስመር ማለፉ 10። ሌሊቱን ሙሉ ስፈልገው ያደርኩት የዚያ ሰረገላ ምልክት ነው።

ማስተካከያውን ፋይሉ በሚገባበት በር ላይ አደረግሁት፣ የገባውንም አጸዳሁ። ስትሪሙን፣ ዝርዝሩ መስመር በመስመር ወደ ስልኩ የሚፈስበትን፣ ግን ሳላየው መተኛት አልቻልኩም። ዳታው ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው። አንድ የአማርኛ ፊደል፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የዳታ ቁራጭ) ስለሚይዝ፣ ፊደሉ ራሱ መሀል ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ 10 እስኪመጣ የደረሰውን ይዞ ይጠብቃል። የመጨረሻው መስመር 10 ከሌለውስ? እዚያው ተይዞ ይቀራል። ስትሪሙ ሲዘጋ የያዝከውን አውጣ የሚል ጨመርኩ።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ባለሙያው ከሞላሌ ደወለ። «ወንድሜ፣ መጡልኝ!» የመጨረሻውን መስመር እንዲያነብልኝ ለመንኩት። ሰባት በግ ያላቸው እናት ናቸው። ሰባቱንም ቁጥር አንድ በአንድ አነበበልኝ።