ፖፖ ላይ አልቀመጥም

ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላው ነው። ፖፖው ሳሎን ጥግ ተቀምጧል። መኪናውን ያቆምበታል፤ ሲያሰኘው ጭንቅላቱ ላይ ይደፋዋል። ለተገዛበት ጉዳይ ግን ወይ ፍንክች! ካካው ሲመጣ መጋረጃው ጀርባ ይገባል። እግሮቹን አጣምሮ በጣቶቹ ይቆማል፤ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። "መጣ እንዴ?" ስለው "አልመጣም! ሂጂ!" ይለኛል።

አማቴ ይገርማቸዋል። "የእኔ ልጆች ዳይፐር ሳያውቁ ነው ያደጉት" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጡት አጥብተው፣ ሕፃኑን እግራቸው ላይ አስቀምጠው ያስወጡት ነበር። ግን እዚያ ላይ ሰዓቱን የምታውቀው እናትየዋ ናት እንጂ ልጁ አይደለም። የእኔው ልጅ የተጠየቀው ሌላ ነው። መምጣቱ እንዲታወቀው፣ ጨዋታውን እንዲያቋርጥ፣ ፖፖው ጋ እስኪደርስ እንዲይዝ፣ ሱሪውን እንዲያወልቅ፣ ከዚያ ደግሞ እንዲለቅ። ለዚህ ሁሉ ብዙ ልጆች ዝግጁ መሆን የሚጀምሩት ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የሌሊቱማ ይቆየን፤ እስከ 5 ዓመት ፍራሽ ማርጠብ እንደ ችግር አይቆጠርም።

በእኛ ቤት የእምቢታው ሥር የሆድ ድርቀት ይመስለኛል። በአዳማ ሙቀት ሲሮጥ ይውላል፣ ውሃ ስሰጠው ይገፋል፣ በወተት ግን ቀልድ አያውቅም። አንድ ቀን ደርቆ ወጣና አስለቀሰው። መጋረጃው የተወደደው ከዚያ ወዲህ ነው። ያማል ብሎ ይይዘዋል። በያዘው ቁጥር አንጀቱ ውሃውን ይመጠዋል፤ ካካው ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ሲወጣ የባሰ ያማል። ላየው ሰው የሚያምጥ ይመስላል፤ እሱ ግን እንዳይወጣ እየታገለ ነው። ሲቆይ ደግሞ ቀጭኑ ካካ በደረቁ ጎን ሾልኮ ሱሪውን ያበላሻል። ይሄኔ "ሆን ብሎ ነው" የሚል አይጠፋም። ይቺ "ሆን ብሎ" የምትባል ነገር ታናድደኛለች።

ደግሞ ዕድሜው የእምቢ ዕድሜ ነው። የሚበላውን፣ የሚለብሰውን፣ የሚተኛበትን ሰዓት እኛ እንወስናለን። ሆዱ ውስጥ ባለው ግን አዛዡ እሱ ነው። "ቁጭ በል" እያልኩ ስጨቀጭቀው ግብግብ ይሆናል፤ በዚህ ግብግብ እናት አሸንፋ አታውቅም።

የጎረቤቴ ልጅ በፖፖ ችግር የለባትም። የምትፈራው የግቢውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። አልፈርድባትም፤ እኔም ማታ ማታ እፈራዋለሁ።

ለጊዜው ዳይፐሩን መልሼለታለሁ። ጠዋት ፓፓያ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ፤ ወተቱን ቀነስኩ። ምግብ ሲገባ አንጀት ስለሚነቃ፣ ከቁርስ በኋላ ከነልብሱ ፖፖው ላይ ይቀመጣል፤ ከፈለገ ብቻ። እግሩ መሬት መርገጡን አያለሁ፣ አለበለዚያ ለማማጥ አይመቸውም። በዚህ ካልለሰለሰ ሐኪም ጋ ነው። አማቴ በዳይፐሩ አኩርፈዋል። ፓፓያውን መርጠው የሚገዙት ግን እሳቸው ናቸው።