ደህና ስንት ባር ነው?

እሳት አደጋ ላይ በር ላይ የመግቢያ ሰሌዳ ይዞ የሚቆም ሰው ስም አያወጣም። የሚወራው ሆዝ ይዞ ስለገባው ነው። ማን በስንት ሰዓት፣ በስንት ባር (በጀርባው በያዘው ሲሊንደር ውስጥ ባለው የአየር ግፊት) እንደገባ የሚመዘግበውን «ጸሐፊው» ይሉታል። ያን ሌሊት ጸሐፊው እኔ ነበርኩ።

የገቡት ሁለት ናቸው፤ አንጋፋው አለቃችንና አንድ አዲስ ልጅ፣ ሁለቱም በ290። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ የልጁ 210 አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ መግቢያው 80 ከበላ መውጫውም 80 ይበላል፣ 50 መጠባበቂያ ሲጨመርበት 130 ላይ ፊትን ማዞር ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ትንሽ የቀረው ሰው አየር ነው።

ቆይቶ «130» የሚል ድምፅ በሬዲዮ መጣ።

«የማን ነው አለቃ?»

«የኔ።»

«የልጁስ?»

«ደህና ነው።»

«ደህና ስንት ባር ነው?»

ዝም አለኝ። «መውጫችሁ ደርሷል» ብዬ ደገምኩ።

«ፊሽካው ገና አልጮኸም። አንተ ዝም ብለህ ጻፍ።»

አየር ሊያልቅ ሲል የሚያስጠነቅቀው የመሣሪያው ፊሽካ እኮ 50 ባር አካባቢ ነው የሚጮኸው። በባለ 6.8 ሊትር ሲሊንደር ያ 340 ሊትር ገደማ አየር ነው፤ በደቂቃ 50 ሊትር የሚስብ ሰው ሰባት ደቂቃ አይሞላለትም። ደክሞ የደነገጠ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። ሲጮህ ውጭ ሆነህ ልትሰማው ነው እንጂ መውጣት ልትጀምርበት አይደለም።

ለአዛዡ ነገርኩት፤ ተጠባባቂዎቹ ጭንብላቸውን አጥልቀው ደረጃው ሥር ደረሱ። የልጁ ፊሽካ ከላይ ሲመጣ ሰማነው። ሲወጣ መለኪያው 20 ላይ ነበር፤ ጭንብሉን ገና በሩን ሳያልፍ ሊያወልቅ ሲታገል ነው የያዝነው።

የአለቃ መለኪያ 60 ይላል። የእሱ ፊሽካ እስከ መጨረሻው አልጮኸም! እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፤ ስለ ራሱ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። ሪፖርቱም «ቡድኑ ያለ ችግር ወጥቷል» ይላል። ስለ ሰሌዳው አንድ መስመር የለበትም።

አሁን ምልምሎችን የአየር አጠቃቀም የሚያስተምረው እሱ ነው። በደንብ ነው የሚያስተምረው፣ አልዋሽም። በቀደም «በሬዲዮ ደህና ነው የሚባል ባር የለም፤ ቁጥር ንገሩኝ!» እያለ ሲቆጣ ከኋላ ቆሜ ሰማሁት። አንዱ ምልምል ይህን ከየት እንደተማሩት ጠየቃቸው።

«ከልምድ» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።