ወረፋ የማይመለከተው ሰው

ዛሬ እናቴን ለደም ግፊት ክትትል ክሊኒክ ይዣት ሄጄ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ሱፍ የለበሰ ልጅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ዶክተሩ ጋ ገባ። ሜዲካል ሪፕ ነው፤ የመድኃኒት ኩባንያ ምርቱን ለሐኪሞች እንዲያስተዋውቅ የቀጠረው ሰው። እናቴ "የታመመ አይመስልም" አለች 😄

ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ፋርማሲ ተምሮ በሽያጭ ኮታ የሚኖር ሰው ነው። ጥያቄዬ ለዶክተሩ ነው። ማዘዣው ላይ የጻፈው የደም ግፊት መድኃኒቱን በራሱ ስም አምሎዲፒን ብሎ ሳይሆን ኩባንያው ያወጣለትን የንግድ ስም ነበር። ፋርማሲስቷ ያንኑ መድኃኒት በሌላ ስም፣ በግማሽ ዋጋ አሳየችን።

አሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ለሐኪም የከፈሉትን፣ የጋበዙትን ምሳ ሳይቀር፣ ያስመዘግባሉ። ማንም ሰው ድረ ገጹ ላይ ገብቶ በሐኪሙ ስም ፈልጎ ማየት ይችላል። እኛም ጋ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ዛሬ ማታ የማንን ስም እንደምፈልግ ገምቱ።