ሸተተኝ ካልክ አልፏል

ዛሬ ሥራ ቦታ የደህንነት ስልጠና ነበረን። አብዛኞቻችን ሰዓት ለመግፋት ነው የገባነው። አሰልጣኟ ግን ስለ ቤንዜን ስታወራ ስልኮች ሁሉ ኪስ ገቡ።

መኪና የምንሞላው ቤንዚን ራሱ አይደለም፤ በውስጡ በትንሽ መጠን ያለ ኬሚካል ነው። አንዳንድ ቀለም ማቅጠኛና ሙጫ ውስጥም ይገኛል። በትንፋሽ ይገባል፣ በቆዳም ይገባል። ከዚያ ደም የሚመረትበትን መቅኔ ይጎዳል። የደም ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠ ቆይቷል።

እኔን ያስደነገጠኝ የሽታው ነገር ነው። በአሜሪካ ሕግ ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው አማካይ 1 ፒፒኤም ነው፤ ከሚሊዮን የአየር እጅ አንዷ። አፍንጫችን የሚነቃው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ሲሆን ነው! ይቺን 1 ለማስከበር እንኳ ስንት ተለፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣች፣ በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻራት፣ በ1987 እንደገና ጸናች። እስከዚያ ጣሪያው 10 ነበር።

አንጋፋው መካኒካችን መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ግሪስ ለማስለቀቅ ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክረው ሲፈትጉ ነው የኖሩት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ነገረን?» አሉ። ልክ ናቸው። ሠራተኛውን «ተጠንቀቅ» ማለት ቀላል ነው፤ ዕቃውን የሚገዛው ግን ሌላ ሰው ነው።

ለግሪስ የሚሆን የእጅ ማጽጃ ሳሙና አለ። ነገ ለግዢ ክፍል ደብዳቤ እናስገባለን። «በጀት የለም» እንዳይሉን ብቻ።