ማጊ አልጋ ሥር ከገባች ወዲህ

ሰላም ጓዶች። ድመት ወሰድኩ ካልኩ ጀምሮ ፎቶ ላክ እያላችሁ ጨቅጭቃችሁኛል። ፎቶ የሚነሳ ነገር አልነበረም እኮ። አልጋ ሥር ጨለማ፣ ጨለማው ውስጥ ሁለት ዓይን። አሁን ግን የሚወራ ነገር ስለተገኘ ይኸው።

ማጊ 13 ዓመቷ ነው። ዥጉርጉር፣ ቀጭን፣ ኮቴ በሰማች ቁጥር የምትበረግግ። ያሳደጓት አሮጊት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ እሷ ወደ እንስሳት መጠለያ ሄደች። እዚያ ኬጅ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ምግብ አልነካ ስትል፣ ፎስተር የምታደርግ (ማለትም እንስሳ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ቤቷ የምታቆይ) አንዲት ሴትዮ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። እኔም ያየኋት እሷ ቤት ነው፣ እዚሁ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሮክቪል፣ ከእኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ የምላችሁ ይህን ነው። በዕድሜ የገፋች ፈሪ ድመት ልትወስዱ ካሰባችሁ ፎስተር ቤት ያለችውን ፈልጉ። ኬጅ ውስጥ ያለች ድመት ጠባይዋ አይታወቅም። የውሻ ጩኸቱ፣ ሽታው፣ ወጪ ወራጁ ተደምሮ ፍርሃቷን ብቻ ነው የምታዩት። ፎስተሯ ግን አብራት ኖራለች፣ ሌሊት ምን እንደምትሠራ ሳይቀር ታውቃለች። ስለዚህ ስትሄዱ ድመቷን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፣ ሴትዮዋን በጥያቄ አድርቋት። ምን ትበላለች? የምትጸዳዳበት አሸዋ ምን ዓይነት ነው? ስትደነግጥ የት ትገባለች? እኔ መልሱን ሁሉ ስልኬ ላይ ጻፍኩት፤ ዶሮ እንጂ ዓሣ አትነካም፣ ቫኪዩም ያሳብዳታል፣ ከወንድ ድምፅ ትሸሻለች (ይሄኛው ለእኔ ጥሩ ዜና አልነበረም)፣ ሬዲዮ ላይ ሰው ሲያወራ ግን ትረጋጋለች። ክብደቷንም በየጊዜው መዝግባ ስለነበር ወረቀቱን ሰጠችኝ። የዚህ ወረቀት ጥቅም በኋላ ይመጣል።

ቤት እንደደረስን ሙሉውን ቤት አልሰጠኋትም። መኝታ ቤቱን ብቻ። ያው የለመደችው አሸዋ፣ ያው ምግብ፣ ፎስተሯ ቤት ስትተኛበት የነበረው ፎጣ ሳይታጠብ፣ እና በጎኑ የተቀደደ ካርቶን። ካርቶን አትናቁ። ሆላንድ ውስጥ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ በ2014 የታተመ ጥናት አለው፤ መጠለያ ውስጥ መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ድመቶች ካልተሰጣቸው ቀድመው ተረጋግተዋል። እየጎተቱ ማውጣት፣ ፍራሽ ማንሳት፣ በባትሪ ማብራት የለም።

አንድ ነገር ብቻ ሳታዩ አትለፉ፣ ምግቡን። ድመት ለተከታታይ ቀናት ካልበላች ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል፤ ያን ጊዜ «ትለምዳለች» ብሎ መጠበቅ አይሠራም፣ ሐኪም ጋ መደወል ነው። ማጊ ቀን ቀን አትነካም ነበር። ጠዋት ሳየው ግን ሳህኑ ባዶ ነው፣ አሸዋውም ተቆፍሯል። እፎይ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ መሬት ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጥ ሆነ። የአማርኛ ፖድካስት ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ፣ እሷ አልጋ ሥር፣ እኔ ምንጣፍ ላይ። ዓይናችን ከተገናኘ ቀስ ብዬ እጨፍንና ቀስ ብዬ እከፍታለሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፣ ግን ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ2020 ያወጣው ጥናት ድመቶች ለዚህ ነገር በዓይናቸው እንደሚመልሱ አሳይቷል፤ እንዲህ ላደረገላቸው እንግዳ ሰው እጅም ይበልጥ ይጠጋሉ። ማጊ ለመመለስ ጊዜ ወሰደባት። መለሰች ግን።

ትልቁን ለውጥ ያመጣችው እማዬ ናት። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጣችና ነገሩን ስትሰማ «አይጥ በሌለበት ቤት ድመት ምን ትሠራለች?» አለች። ዕድሜዋን ስነግራት ደግሞ «ታዲያ ይቺ እኮ ጡረታ ወጥታለች!» ብላ ሳቀች። እኔ መኝታ ቤቱን ለእማዬ ለቅቄ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛሁ፤ ማጊን ከምናዛውራት በሩን ከፍተን ተውነው። እማዬ ድመቷን ዞር ብላም አላየቻት። አልጠራቻት፣ አልለመነቻት፣ ጋቢዋን ለብሳ አልጋው ላይ ስልኳን ታወራለች። ለካ ማጊ የፈለገችው ይህንኑ ነው። አንድ ማለዳ ስገባ የጋቢው ጫፍ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ እማዬ ደግሞ እግሯን ማንቀሳቀስ ፈርታ «ውሰድልኝ ይቺን!» ትለኛለች፣ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲህ ስሟ ውሮ ሆነ። ለእማዬ ብቻ።

ችግሩ ፍቅሩ በምግብ መጣ። ለድመት ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል፣ ቢበስልም ያው ነው። የዶሮ ወጥ ሥጋ አጥቦ መስጠትም አያድንም፣ ቁሌቱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ አሁን ሥጋው ወጡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የማጊ ድርሻ በውሃ ብቻ ተቀቅሎ ይቀመጣል። ባለፈው ከሳህኑ ራሷ ወስዳ ስትሮጥ እማዬ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» አለች። እኔ ደስ አለኝ፤ ያቺ በርጋጊ ድመት ሰው ባለበት ኩሽና ገብታ ሰረቀች! ቡና ሲፈላ ግን የእጣኑ ጭስ እንዳያስቸግራት የመኝታ ቤቱን በር እዘጋላታለሁ። የጭስ አላርሙም በበኩሉ ድመቷን ያስደነግጣታል፣ እኛንም ከጎረቤት ያጣላናል።

ለአሮጌ መገጣጠሚያ የሚሆንም አስቡ። በ2002 በታተመ ጥናት ራጅ ከታዩ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ ከሆነ 100 ድመቶች 90ዎቹ የመገጣጠሚያ ችግር ተገኝቶባቸዋል። የአሸዋ ሳጥኗ ጠርዙ ዝቅ ያለ ነው፣ አልጋው ጎን ደግሞ መወጣጫ በርጩማ አለ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በደንብ እየበላች መክሳቷ ከበደኝ፤ መዝኜ ከፎስተሯ ቁጥር ጋር ሳስተያየው በግልጽ ወርዳለች። ሐኪሙ ደም ወሰደ፣ ታይሮይዷ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ከልክ በላይ ይሠራል። በአዛውንት ድመቶች የተለመደ ነው፣ መድኃኒትም አለው፣ ሜቲማዞል። ወይ ክኒን ነው፣ ወይ ጆሮዋ ውስጠኛው ክፍል ላይ በጓንት የሚቀባ ጄል። ክኒኑን ከዶሮው ውስጥ ለይታ ትተፋዋለች። ጆሮዋን ደግሞ እስካሁን ያስነካችው ለእማዬ ብቻ ነው፣ እማዬ ደግሞ በቅርቡ ወደ አገር ቤት ትመለሳለች። ጄሉን የሞከራችሁ አላችሁ? ተኝታ ሳለች ነው የምትቀቡት ወይስ ስትበላ?