ከአይሱዙ የወረደችው ሞተር ሳይክል

«ቢዬላ በልቷል፤ ኢንጂኑ ይወረዳል» ተብሎ ነበር ወደ እኔ የመጣው። ቢዬላ ፒስተኑን ከታች ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያያዘው ብረት ነው። ሰውዬው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞርባትን ያገለገለች 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ ገዝቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ ደብረ ማርቆስ ካስገባት ገና አንድ ቀኗ ነው። ሲገዛት ድምጿ ልስልስ ያለ ነበር። ከመኪናው አውርዶ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይነዳት መንቋቋት ጀመረች። መጀመሪያ የገባበት ጋራዥ አንድ ቡሎን ሳይነካ በጆሮ ብቻ ፈረደባት፤ የጠየቁት ገንዘብም ከወር ደመወዙ የሚበልጥ ነው።

አስነሳኋት። ሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳልሰጣት፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ ጋዝ ስሰጣት ድምፁ አብሮ ይፈጥናል። ረጅሙን ካቻቪቴ አንስቼ ጫፉን ታች፣ ኮሎው (የሚዞረው ዘንግ) ያለበት ላይ አሳረፍኩና እጀታውን ከጆሮዬ ሥር ካለው አጥንት አስጠጋሁ። ቢዬላ ቢሆን ከዚህ ወፍራም ምት ይሰማኝ ነበር። የለም። ወደ ላይኛው የኢንጂን ክዳን፣ ወደ ቴስታታው ሳወጣው ግን ቀጭኑ ድምፅ ጆሮዬን ወጋው። ቫልቭ ነው አልኩ። አድራ ከቀዘቀዘች በኋላ ጠዋት የቫልቩን ክፍተት ለካሁት፤ ልኩን አልሳተም። ረዳቴ ቴስታታውን ሊያወርድ ቁልፍ አነሳ፤ እኔም አልከለከልኩትም። ይህ ጥፋቴ ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ዘይቷን አላየሁም ነበር።

ያዳነን የሐኪሙ አንድ ቃል ነው። «ጋሼ፣ እኛ ላም ስትነፋ መጀመሪያ ምን በላች ብለን ነው የምንጠይቀው» አለኝ። ያን ጊዜ ጉዞዋን ጠየቅኩት። እንዴት ተጫነች? ዘንበል ብላ፣ ከጆንያ ተጣብቃ፣ በገመድ ተጠፍራ። የቤንዚን መዝጊያውስ? አላስተዋለውም። ቤንዚን ካልተዘጋ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ቤንዚኑን ወደማይገባው ቦታ ለማስገባት ብቻውን ይበቃል።

የዘይት መለኪያዋን ነቀልኩ። ዘይቱ የላይኛውን ምልክት አልፎ ሄዷል። በሁለት ጣቴ አሸሁት፤ እንደ ውኃ ሸሸኝ። አሸተትኩት፤ ቤንዚን ነው። አጠገባችን ቡና የምታፈላዋን እህት ከሰሏን ከዚያ እንድታርቅልን ለመንኳትና የዘይቱን ቡሎን ፈታሁ። አንድ ሊትር ከሚይዘው ኢንጂን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ወረደ።

ቤንዚንን ከአየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ቤንዚን ሲሞላ ከፍ ብላ መርፌዋን ትገፋና ቀዳዳውን ትዘጋለች። መኪናው ሲንገጫገጭ እሷም ትዘላለች፤ ሞተር ሳይክሏ ዘንበል ብላ ከታሰረች ደግሞ ልኳን ትስታለች። ሾልኮ ያለፈው ቤንዚን በትርፍ መውጫ ቱቦው ወደ ውጭ መፍሰስ ነበረበት። የዚህችን ቱቦ ግን ገመዱ ቆልምሞ ይዞት ኖሯል፤ የታጠፈበት ቦታ ነጭ መስመር አውጥቷል። መውጫ ያጣው ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ወደ ዘይቱ ወረደ። ዘይት ሲቀጥን ብረትን ከብረት መለየት ያቅተዋል፤ እዚህችም ላይ መጀመሪያ የጮኸው ከላይ ያለው የቫልቩ ክፍል ነው። ሁለት ቀን በዚያው ቢነዳት ኖሮ ያ የተባለው ቢዬላ እውነት ይሆን ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው፤ ጤነኛ ኢንጂን ስንት ጊዜ በችኮላ ተከፍቷል!

አዲስ ዘይት ሞልቼ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሚኒሞ ላይ ተውኳት። እሱንም ደፍቼ፣ ፊልትሮውን ቀይሬ እንደገና ሞላሁ። ድምፁ በመጀመሪያው ዘይት ቀነሰ፤ በሁለተኛው ጠፋ። ካርቡሬተሩን ከፍቼ መርፌዋን በብርሃን አየኋት፤ ጫፏ አልተበላም። ልቤ እንዲያርፍ ግን ቱቦውን አቃንቼ፣ መዝጊያውን ክፍት ትቼ፣ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ አሳደርኳት። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው፤ ዘይቱም ከነበረበት ምልክት አልተነሳም።

ሐኪሙ የክትባት ሳጥኑን ከኋላዋ አሰረ። ሊነሳ ሲል ጎንበስ ብሎ መዝጊያውን በጣቱ ዳሰሰና፣ «አሁን ክፍት ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ክፍት ነው። ስታቆማት ዝጋው» አልኩት።